ጭቃው እስኪረጋ የጠበቀው መሐንዲስ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ስለ አንድ የስኮትላንድ ቦይ ቆፋሪ፣ ስለ ቶማስ ቴልፎርድ፣ ሊሰማ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ስንት እንደሚሆን ማስላቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ከጭቃ ልጀምር። በሰሜን ስኮትላንድ፣ ኢንቨርነስ ከተማ አጠገብ፣ ክላክናሃሪ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር አለች። በ1800ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱን ከባሕር እስከ ባሕር የሚያቋርጥ የመርከብ ቦይ ሊቆፈር ታስቦ አንደኛው አፉ እዚያ እንዲሆን ተወሰነ። የባሕሩ ዳርቻ ግን እጅግ ለጥ ያለ ነው። መርከብ የሚያንሳፍፍ ጥልቅ ውኃ ለማግኘት ከዳር ወደ ውስጥ ከ360 ሜትር በላይ መሄድ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ያለው ጭቃ ነው። ጭቃ ስላችሁ ጫማ የሚያበላሸውን እንዳታስቡ፤ የብረት ዘንግ ቢሰኩበት 17 ሜትር ያህል ይውጥ ነበር። በዚህ ላይ ነው እንግዲህ መርከብ ከነጭነቱ የሚያስተናግድ የድንጋይ ገንዳ ይሠራ የተባለው።

የሥራው ዋና መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ ነበር፤ በቦታው ሆኖ የሚቆጣጠረው ደግሞ የአገሩ ልጅ ማቲው ዴቪድሰን። እነርሱ ከጭቃው ጋር አልታገሉም። ከዳር ጀምረው አፈርና ሸክላ እያስደፉ ወደ ባሕሩ ገቡ። ገንዳው በሚቆምበት ቦታ ላይ ትልቅ ክምር ሠሩ፤ በክምሩ ላይ ደግሞ ኋላ ለግንቡ የሚያስፈልገውን ድንጋይ ጫኑበት። ከዚያ ትተውት ሄዱ። ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልነካውም። ክምሩ በራሱ ክብደት ጭቃውን እየተጫነ፣ ውኃውን እየጨመቀ፣ ከሦስት ሜትር በላይ ሰጠመ። መስጠሙን ሲያቆም ሠራተኞቹ ተመልሰው ራሳቸው የቆለሉትን ክምር መሐሉን ቆፈሩት፤ ገንዳውም እዚያ ውስጥ ተገነባ። ዛሬም መርከብ ይገባበታል።

ይህን ዘዴ አሁን ማንኛውም የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ይማረዋል። የአፈር ምሕንድስና ሊቁ ካርል ቴርዛጊ በ1920ዎቹ በሒሳብ ቀመር አስቀምጦልናል፤ ጭነት ያረፈበት ሸክላ ውኃው ቀስ በቀስ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ይወርዳል። ቴልፎርድ ቀመሩ አልነበረውም። ከዚያ መቶ ዓመት ቀድሞ ግን መሬት ጊዜዋን እንደምትፈልግ ያውቅ ነበር። እኔ በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ግንባታ፣ የማንን እንደሆነ አልናገርም፣ ሙሌት በተሞላ በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ እንድናቆም ታዘዝን። አቆምን። ክረምቱ ሲገባ ግድግዳው እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጠቀ። ስለ ክላክናሃሪ በተማርሁ ቁጥር ያ ግድግዳ ትዝ ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ቴልፎርድ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1757 በደቡብ ስኮትላንድ፣ ኤስክዴል በሚባል ሸለቆ፣ ግሌንዲኒንግ በምትባል የበግ እርባታ ስፍራ ነው። አባቱ ጆን ቴልፎርድ እረኛ ነበር፤ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ወር ሞተ። እናቱ ጃኔት ብቻዋን አሳደገችው። ልጁም ለጎረቤት ከብት እየጠበቀ አደገ። በአሥራ አራት ዓመቱ ድንጋይ ጠራቢነት እንዲማር ለግንበኛ ተሰጠ። ሙያውን ሲጨርስ ለአባቱ መቃብር ድንጋይ ጠርቦ በገዛ እጁ ቀረጸበት፤ ጆን ቴልፎርድ 33 ዓመት ነቀፋ የሌለበት እረኛ ሆኖ ኖሮ ሞተ ይላል። ድንጋዩ ዛሬም በዌስተርከርክ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይታያል።

በእኛ ቋንቋ እረኛ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ስለሚናገር ይህን ጽሑፍ ሳስበው ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አባቱን አላየውም። የጻፈለት ግን ስለ ሥራው ነው።

ከኤስክዴል ወደ ኤድንብራ፣ ከዚያ በ1782 ወደ ለንደን ሄደ። የአንድ ባለርስት ፈረስ ለንደን ድረስ የሚያደርሰው ሰው ይፈለግ ነበርና እግረ መንገዱን በዚያው ፈረስ ተሳፈረ። ለንደን ላይ በሱመርሴት ሐውስ ግንባታ ከጠራቢዎቹ አንዱ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፖርትስመዝ የባሕር ኃይል ወደብ ሄዶ ቤት ሲያሠራ፣ ትርፍ ሰዓቱን የመርከብ ገንዳዎች እንዴት እንደሚገነቡ በማየት አሳለፈ። የወደብ ትምህርት ቤቱ ያ ነበር። ሌላ የምሕንድስና ትምህርት ቤት አልገባም። ማታ ማታ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያነብባል፤ ስለ ኖራ የሚጽፈውን ማስታወሻ ደብተር ይይዛል፤ ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፋል። እናቱ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ስለሚቸግራት እያንዳንዱን ፊደል እንደ ማተሚያ ቤት ለያይቶ ይጽፍላት ነበር ይባላል።

ዊሊያም ፑልትኒ የሚባል ባለጸጋ የአገሩ ሰው በ1787 በእንግሊዝ ሽሮፕሺር ግዛት የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ አስደረገው። እዚያ እንደ ደረሰ ስሙን ያስጠራው የሠራው ሕንፃ አልነበረም፤ የፈረሰ ሕንፃ ነው። በሽሩስቤሪ ከተማ የቅዱስ ቻድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያፈስስ ስለነበር አስተዳዳሪዎቹ እንዲያየው ጠሩት። ገብቶ አየና ስለ ጣሪያው መነጋገር ትርጉም የለውም፣ መሠረቱ ተንዷል፣ ግድግዳው አይቆምም አላቸው። ከምሰሶው ሥር መቃብር ሲቆፈርበት ኖሯል። አስተዳዳሪዎቹ ሳቁበት፤ ስንጥቁ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፣ ይህ ሰው ሥራ ፍለጋ ነው የመጣው አሉ። ቀናት አልፈው በሐምሌ 1788 አንድ ማለዳ የደወሉ ማማ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞት ወረደ። ማንም ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በሽሮፕሺር ቴልፎርድ ሲናገር የሚስቅ አልተገኘም።

ወደ ውኃው እንመለስ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከባድ ዕቃ በርካሽ የሚጓጓዘው በውኃ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባቡር ገና አልመጣም። አንድ ፈረስ በጋሪ ከሚጎትተው ብዙ እጥፍ ጭነት በጀልባ ይጎትታል። ስለዚህ የከሰል ማውጫ፣ የብረት ማቅለጫና የሸክላ ፋብሪካ ባለቤቶች ገንዘብ እያዋጡ ቦይ ያስቆፍሩ ነበር። በ1793 የኤልስሚር ቦይ ኩባንያ ቴልፎርድን ሲቀጥረው ዋናው መሐንዲስ ዊሊያም ጄሶፕ ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ።

ቦዩ በሰሜን ዌልስ የዲ ወንዝን ሸለቆ መሻገር ነበረበት። የተለመደው መንገድ በሁለቱም በኩል ባለ በር ገንዳዎችን እየደረደሩ ጀልባውን ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ማውረድ፣ ወንዙን በዝቅተኛ ድልድይ መሻገር፣ ከዚያ እንደገና ማውጣት ነው። እነዚህ ገንዳዎች እንዴት እንደሚሠሩ ላላያችሁት ላስረዳ። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ከላይ ውኃ ይለቀቅበታል፣ ጀልባው ከውኃው ጋር ከፍ ይላል፣ የፊቱ በር ተከፍቶ ይወጣል። ሞተር የለም፤ ሥራው ሁሉ የውኃ ነው። ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ገንዳ ሙሉ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል። ጊዜም ይፈጃል። ጄሶፕና ቴልፎርድ ያን ሁሉ ትተው ቦዩን ራሱን በሰማይ ላይ ለማሳለፍ ወሰኑ።

ፖንትከሰልቴ የሚባለው የውኃ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከወንዙ በላይ 38 ሜትር ከፍ ይላል፤ በ18 የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ብልሃቱ ከላይ ነው። ከዚያ በፊት የውኃ ድልድይ ሲሠራ ውኃው እንዳያፈስስ ወፍራም ሸክላ ይደለደልበት ነበር፤ ሸክላውን የሚሸከመው ድልድይም የግድ ግዙፍ ይሆናል። እዚህ ግን ውኃው የሚፈስሰው ቀልጦ በተቀዳ ብረት ገንዳ ውስጥ ነው። ብረቱን ያቀረበው ዊሊያም ሃዝልዳይን የሚባል ብረት አቅላጭ ነው። ገንዳው ቀላል ስለሆነ ምሰሶዎቹ ቀጠኑ፤ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ደግሞ ውስጣቸው ባዶ ነው። የብረቱ መጋጠሚያዎች በስኳር የተቀቀለ የሱፍ ጨርቅ ተጠቅጥቆባቸው በእርሳስ ተደፈኑ። በምሰሶዎቹ ኖራ ውስጥ የበሬ ደም ገብቷል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተረት መስሎኝ ነበር፤ የደም ፕሮቲን ኖራን እንደሚያጠናክር ግን የድሮ ግንበኞች በብዙ አገር ያውቁት ነበር።

አንዳንዶቻችሁ የከሰል ጀልባ ሲያልፍበት ድልድዩ እንዴት ይችለዋል ብላችሁ ይሆናል። ጀልባው ሲመጣ ድልድዩ ላይ ምንም ክብደት አይጨመርም። ተንሳፋፊ ነገር የራሱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ያስወጣል፤ የተገፋው ውኃ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ምሰሶው ጀልባ ይለፍበት ወይም አይለፍበት አያውቅም። ፈረሱ የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ከገንዳው ጎን አልተለጠፈም፤ ከውኃው በላይ ተዘርግቷል፣ ውኃው ከሥሩ ይገባል። ይህ ባይሆን ጠባቡ ገንዳ ውስጥ ጀልባው የገፋው ውኃ መሄጃ አጥቶ ጉዞው ይከብድ ነበር። አጥር ያለው በመንገዱ በኩል ብቻ ነው። በሌላው በኩል ጀልባ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከገንዳው ጠርዝ በታች የሚያየው ሸለቆውን ብቻ ነው።

ገንዳው ከተገጠመ በኋላ ውኃ ሞልተውት ስድስት ወር አቆዩት። ያፈስስ እንደሆነ ለማየት። አሁንም ስድስት ወር። ድልድዩ ኅዳር 26 ቀን 1805 ተመረቀ፤ አሥር ዓመት ፈጅቷል። ከ2009 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ።

አሁን ስለ ጄሶፕ። ከሞተ በኋላ በ1838 በታተመው የቴልፎርድ የራሱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስለዚህ ድልድይ ስታነብቡ ጄሶፕ የነበረ አይመስላችሁም። ዋናው መሐንዲስ፣ ዲዛይኑን ያጸደቀው፣ የተጠያቂነቱን ሸክም የተሸከመው ጄሶፕ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ማን ምን እንደሠራ ይከራከራሉ። እኔ በቴልፎርድ ላይ የምይዘው ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው። ለአባቱ ስም ድንጋይ የጠረበ ሰው ለአለቃው ስም አንድ አንቀጽ መንፈጉ አይገባኝም። ጄሶፕ በካሌዶኒያ ቦይም አብሮት ሠርቷል።

ያ ቦይ ክላክናሃሪ የጀመርንበት ነው። መንግሥት በ1803 ሥራውን ያስጀመረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ የሚዞሩ መርከቦች በማዕበልና በጠላት ይጠፉ ነበር። ሁለተኛ፣ የደጋው ሕዝብ ከመሬቱ እየተፈናቀለ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ስለነበር የሥራ ዕድል ለመፍጠር ነው። ቦዩ 97 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ የተቆፈረው 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ቀሪው ኔስን ጨምሮ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው። ባናቪ ላይ ስምንት ገንዳዎች ተከታትለው እንደ ደረጃ መርከብን 20 ሜትር ያህል ያወጣሉ።

ሰባት ዓመት ይፈጃል የተባለው 19 ዓመት ፈጀ። ሠራተኞቹ የዓሣ ወቅት ሲደርስ ወደ ባሕር፣ ድንች ሲደርስ ወደ ማሳቸው ይሄዱ ነበር፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ጦርነቱ የእንጨትና የምግብ ዋጋ አናረ። ወጪው ከ900,000 ፓውንድ አለፈ። በጥቅምት 1822 ሲከፈት ናፖሊዮን ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ መርከቦችም አድገዋል። ገንዘብ በማለቁ ደግሞ ቦዩ ከታቀደው ጥልቀት ሳይደርስ ነው የተከፈተው። በ1840ዎቹ ተዘግቶ እንደገና መሠራት ነበረበት።

ለጭቃ ስድስት ወር የሰጠው ሰው በዘመን ተቀደመ ማለት ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ቦዩን ውድቀቱ ይሉታል። እኔ በግማሽ እስማማለሁ። ግማሹን የማልስማማበት ምክንያት በዚያው ዘመን በእርሱ መሪነት በስኮትላንድ ደጋ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ከ1,000 በላይ ድልድዮች መሠራታቸው ነው፤ ዊክ፣ ፒተርሄድ፣ አበርዲንና ደንዲ ያሉ ወደቦችም በእጁ አልፈዋል። ጋሪ አይቶ የማያውቅ አገር ጋሪ አየ።

ስዊድንን በአጭሩ ልለፈው። በ1808 ባልትሳር ፎን ፕላተን በሚባል መኳንንት ተጋብዞ ሄዶ የዬታን ቦይ መስመር በሦስት ሳምንት ገደማ ቀየሰ። 190 ኪሎ ሜትር፣ 58 ገንዳዎች፤ ቁፋሮው በወታደሮች ጉልበት ተሠርቶ በ1832 ተጠናቀቀ። የስዊድን ንጉሥ የፈረሰኝነት ማዕረግ ሰጠው፤ በአገሩ ግን ሰር ሳይባል ነው የሞተው። በዌልስ ስለሠራው ሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይ ደግሞ ሌላ ቀን ብታስጠሩኝ አንድ ሙሉ ምሽት ይወስዳል፤ ለዛሬ የሰንሰለቱ ብረት እንዳይዝግ እየተጋለ በተልባ ዘይት ውስጥ ይነከር እንደነበር ብቻ ነግሬአችሁ ልለፍ።

አሁን ደግሞ ጊዜ የተነፈገበት ሥራ ላይ ደርሰናል። ለንደን፣ ታወር ኦፍ ለንደን ከሚባለው ጥንታዊ ምሽግ አጠገብ፣ የቅድስት ካትሪን ዶክ። የቴምዝ ወንዝ ውኃ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየቀኑ ብዙ ሜትር ይወጣል ይወርዳል። መርከብ በወንዙ መሐል ቆሞ ዕቃውን በትናንሽ ጀልባ ሲያራግፍ ቀናት ያልፋሉ፤ ሌባውም ሥራ አይፈታም። ዶክ ማለት እንግዲህ ከወንዙ በበር የተለየ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ወንዙ ወጣም ወረደም በውስጡ ያለው ውኃ ከፍታውን እንደያዘ ይቆያል። ቦታው ጠባብ ስለነበር ቴልፎርድ አንድ ትልቅ ገንዳ ከመቆፈር ይልቅ የተያያዙ ሁለት ገንዳዎችን ነደፈ፤ መርከብ የሚጠጋበት ዳርቻ እንዲረዝም። መጋዘኖቹን የሠራው አርክቴክት ፊሊፕ ሃርድዊክ ነው። ከውኃው ዳር ጥግ ድረስ ስለቆሙ ዕቃው ከመርከቡ ሆድ ቀጥታ ወደ ፎቁ ይነሣ ነበር፤ መሬት ላይ ተከምሮ የሚያድርና የሚሰረቅ ነገር አይኖርም። የእንፋሎት ሞተሮች ደግሞ ከወንዙ ውኃ እየሳቡ ገንዳውን ይሞላሉ። በዲዛይን ዓይን ካየነው ውብ ነው።

የተሠራው ግን በሰው ቤት ላይ ነው። 1,250 ቤቶች ፈረሱ፤ ወደ 11,300 የሚጠጉ ድሆች ተነሡ። ካሣ ያገኙት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ተከራዮቹ ምንም። በ1147 የተመሠረተው የቅድስት ካትሪን ሆስፒታል ከነቤተ ክርስቲያኑ ተናደ። ባለ አክሲዮኖቹ ቸኩለው ስለነበር የመጀመሪያው ድንጋይ በግንቦት 1827 ተቀምጦ በጥቅምት 1828 መርከቦች ገቡ። አሥራ ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። ቴልፎርድ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይህን ጥድፊያ በግልጽ ተቃውሟል፤ ኃላፊነት ያለበት መሐንዲስ እንዲህ መቸኮል አደጋ እንዳለው መናገር አለበት ይላል። የተቃወመው ለግንቡ ደኅንነት ነው። ለተነሡት ሰዎች የጻፈውን ቃል እኔ አላገኘሁም፤ ብዙ ፈልጌአለሁ።

ግንቡ አልወደቀም። የመግቢያው በር ግን መርከቦች እያደጉ ሲሄዱ ጠበበ፤ ዶኩም ባለቤቶቹ ያለሙትን ትርፍ ሳያይ ኖረ። በ1968 ተዘጋ። ዛሬ የባለጸጎች የመዝናኛ ጀልባዎች ይቆሙበታል፤ ዙሪያውን ሆቴልና ምግብ ቤት ነው።

ቴልፎርድ አላገባም። ለሃያ አንድ ዓመት ያህል ለንደን ሲሆን የሚያድረው ሳሎፒያን በሚባል ቡና ቤት ባለ እንግዳ ማረፊያ ነበር። ወጣት መሐንዲሶች እርሱን ለማግኘት እዚያ ስለሚሰበሰቡ ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። በ1821 የራሱን ቤት ይዞ ሊወጣ ሲል አዲሱ የቡና ቤት ባለቤት ደንግጦ «እንዴት ትሄዳለህ? እኔ እኮ አንተን ለመግዛት 750 ፓውንድ ከፍያለሁ!» አለው እየተባለ ይወራል። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነውም በ1820፣ ገና እዚያው ቤት እያለ ነው። እስኪሞት ድረስ በዚያ ወንበር ተቀመጠ።

መስከረም 2 ቀን 1834 ሞተ፤ 77 ዓመቱ ነበር። በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ። ቦዮቹን ሥራ የሚያስፈታው ባቡር በዚያ ጊዜ በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

በልጅነቱ ኤስክዴል ውስጥ መጽሐፍ የሚያውሱት ጎረቤቶች ነበሩት፤ ያነበበውን ሁሉ ያነበበው በውሰት ነው። በኑዛዜው ለሁለት ቤተ መጻሕፍት፣ ለላንግሆልምና ለዌስተርከርክ፣ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ ተወ። የዌስተርከርኩን የመሠረቱት በ1790ዎቹ በግሌንዲኒንግ፣ እርሱ በተወለደበት ስፍራ፣ ማዕድን የሚቆፍሩ ሠራተኞች ናቸው። ሕንፃዋ ትንሽ ናት፤ ዛሬም መጽሐፍ ታውሳለች።

እኔ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አሳዩኝ፤ ስለ ሜናይ ድልድይ የሚጠይቅ ካለ ግን ቀደም ብዬ አስጠንቅቄአለሁ።